ባንድ የሌለው ጃዝ ምን ጃዝ ነው?

ሰሞኑን ከሸርቆሌ አንድ ወጣት በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ኪቦርድ ይጫወታል። ቤቱ ሆኖ በላፕቶፕ ጃዝ ይቀዳል፤ ድራሙንና ቤዙን የሚያጅብለት ሶፍትዌር ነው። ጓደኞቹ «ባንድ የሌለው ጃዝ ምን ጃዝ ነው?» እያሉ ያሾፉበታል። «እኔ ሙዚቀኛ ነኝ ማለት እችላለሁ?» አለኝ። እዚህ የምመልስለት ብዙዎቻችሁን ስለሚመለከት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ወንድሜ፣ ነገሩ ትናንት የተጀመረ እንዳይመስልህ። አሜሪካ ውስጥ «ሚውዚክ ማይነስ ዋን» የተባለ ኩባንያ ከ1950 ጀምሮ ሆን ተብሎ አንድ መሣሪያ የጎደለበት ሸክላ ያሳትም ነበር። የጎደለውን የሚሞላው ገዢው ነው። በ1967 ጄሚ ኤበርሶልድ ለጃዝ ተማሪዎች የአጃቢ ሸክላ አወጣ። በ1990 የካናዳው ፒጂ ሚውዚክ «ባንድ ኢን ኤ ቦክስ»ን ይዞ መጣ፦ ኮርዱን ትጽፋለህ፣ ስልቱን ትመርጣለህ፣ ቤዝ፣ ድራምና ፒያኖ ሠርቶ ይሰጥሃል። አንተ የምታደርገው የዚሁ ልጅ ነው።

ከዚህ ሶፍትዌር በፊት ግን የራሳችን ታሪክ አለን። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ከዋሊያስ ባንድ ጋር ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። በደርግ ሰዓት እላፊ ዘመን ታዳሚው አንዴ ከገባ እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ሌሊቱን ሙሉ እየተደማመጡ መጫወት ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደሆነ አስቡት።

በ1981 ዋሊያስ ለሥራ አሜሪካ ሄደ። ኋላ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ ቀረ። ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 የልጅነታቸውን የአኮርዲዮን ድምፅ መመለስ አማራቸውና አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገቡ። አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን እየደራረቡ የተጫወቱት ራሳቸው ናቸው። ምቱን የያዘው የድራም ማሽን ነው። ካሴቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሸጠ፣ ከዚያም ተረሳ። እሳቸውም በዱለስ አየር ማረፊያ ታክሲ እየነዱ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ በትንሽ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ያንን ካሴት ባሕር ዳር ያገኘ አሜሪካዊ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ጋሽ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ።

እንግዲህ ያ ካሴት ሙዚቃ አይደለም የሚል ማነው?

ግን አንድ ነገር ልብ በል። የድራም ማሽኑ ባንዱን አልተካም። ጋሽ ኃይሉ ስቱዲዮ የገቡት የስንት ሌሊት ባንድ በጆሯቸው ይዘው ነው። ማሽን ምት ይጠብቅልሃል እንጂ አይሰማህም። ስትሳሳት አይደግፍህም፤ ስትግል አብሮህ አይግልም። መደማመጡን ከሰው ተምረህ ይዘኸው መምጣት አለብህ።

ሁለተኛው ነገር ቅኝት ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች የተሠሩት በምዕራባውያን ኮርድ ነው። አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን በግድ አስገባቸው፤ አጃቢው ወደ ራሱ መንገድ ይጎትትሃል። ሙላቱ አስታጥቄ አምስቱን የቅኝት ድምፆች ከአሥራ ሁለቱ ጋር ለማስታረቅ የደከሙት ለዚህ ነው። ያንን ሥራ ማሽን አይሠራልህም።

ሦስተኛው ያንተው አገር ነው። የበርታን ዋዛ ታውቀዋለህ። ስሙ ዋዛ ነው እንጂ ነገሩ ዋዛ አይደለም። ከቅል የተሠራ እያንዳንዱ ረጅም መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ሁሉ ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ ነው። አንድ ሰው ቢቀር ዜማው ቀዳዳ ይሆናል። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የመደማመጥ ትምህርት የት ይገኛል?

የሶፍትዌሩን የስልት ዝርዝር ክፈተው። ቦሳኖቫ አለ፣ ስዊንግ አለ። ዋዛን ፈልገው። ማሽን የሚያውቀው ሰው የቀዳለትን ብቻ ነው፤ ያልተቀዳውን እንደሌለ ይቆጥረዋል። የኛ ልጆች በሰው አገር ምት ብቻ እየታጀቡ ካደጉ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም።

ስለዚህ መልሴ፦ አዎ፣ ሙዚቀኛ ነህ። ቤትህ መቅዳትህን አታቁም። ግን በሚቀጥለው በዓል ስልክህን ይዘህ ወደ ነፊዎቹ ሂድ። መጀመሪያ አስፈቅድ፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ ስማ፣ ከዚያ ቅዳ። ቤትህ ስትመለስ ድራሙን አጥፋና በዚያ ላይ ተጫወት። ያኔ ጓደኞችህ ባንድህ የት እንዳለ ሲጠይቁህ፣ መንደሩን ታሳያቸዋለህ።

ቸር ያሰማን።