ዊንዶው (የእንግሊዝኛ ቃል)

ዊንዶው ብርሃንና አየር ለማስገባት በግድግዳ ላይ የሚተውን፣ አብዛኛውን ጊዜ መስታወት የሚገጠምለትን ክፍተት የሚሰይም የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ በአማርኛ መስኮት ማለት ነው። ምንጩ የጥንቱ ኖርስ ቋንቋ «ቪንዳውጋ» ሲሆን፣ «ቪንድር» (ነፋስ) እና «አውጋ» (ዓይን) ተጣምረው «የነፋስ ዓይን» የሚል ፍቺ ይሰጣሉ። ስያሜው መስኮት መስታወት የሌለው ክፍት ቀዳዳ የነበረበትን ዘመን ያመለክታል። ቃሉ በስካንዲኔቪያውያን ሰፋሪዎች አማካይነት ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ላይ ይገኛል። የጥንቱ እንግሊዝኛ በአንጻሩ «የዓይን ቀዳዳ» እና «የዓይን በር» የሚል ፍቺ ባላቸው ጥምር ቃላት ይጠቀም ነበር። የዴንማርክኛው «ቪንዱ» ከዚሁ ምንጭ ሲወጣ፣ የጀርመንኛው «ፌንስተር» ግን ከላቲኑ «ፌኔስትራ» የመጣ ነው። ቃሉ ዛሬ ውስን የጊዜ ዕድልንና በኮምፒውተር ገጽ ላይ የሚከፈት ክፈፍንም ያመለክታል፤ ማይክሮሶፍት በ1985 እ.ኤ.አ. ላወጣው ሶፍትዌር «ዊንዶውስ» የሚል ስም የሰጠው በዚሁ የመጨረሻ ፍቺ ነው።