«ፖሊስ» ከአቴና እስከ ኮልፌ

ኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ሆና ብዙ ዘመን ታውቃለች። «ፈጥኖ ደራሽ» የኛው ቃል ስለሆነ ትርጉሙን የሚጠይቅ የለም። «ፖሊስ» ግን እንግዳ ነው። ከየት መጣ? በመንገድስ ላይ ምን ጣለ?

ምንጩ ግሪክ ነው። በጥንቱ ግሪክኛ «ፖሊስ» ከተማ ማለት ነው፤ ከዚያም በፊት በኮረብታ ላይ የታጠረ ምሽግ ማለት ነበር። የሊቱዌንያ ሰዎች ዛሬም ግንብን «ፒሊስ» ይሉታል፤ ዘሩ አንድ ነው። ይኸ ለኛ ሊገርመን አይገባም፤ የኛም «ከተማ» እኮ ድሮ የንጉሥና የጦር ሠራዊት ማረፊያ ነበር። ግሪኮች ከ«ፖሊስ» «ፖሊቴያ»ን አወጡ፤ የዜግነት መብትና የአገር አስተዳደር ማለታቸው ነው። «ፖለቲካ»ም የዚያችው እናት ልጅ ነው።

ሮማውያን ቃሉን «ፖሊቲያ» ብለው ተቀበሉት፤ ከነሱ ለፈረንሳይ ደረሰ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1667 ላ ሬይኒ የፓሪስ ፖሊስ ሹም ሲሆን ሌባ መያዝ ብቻ አልነበረም ሥራው። የመንገድ መብራት፣ የጎዳና ጽዳት፣ የሕዝቡ ቀለብ ሁሉ «ፖሊስ» ይባል ነበር። የጀርመኖቹ «ፖሊትሳይ» ደግሞ ማን ምን ዓይነት ልብስ መልበስ እንደሚገባው እስከ መደንገግ ደርሶ ነበር። እንግሊዞች ቃሉን ሁለት ቦታ ከፈሉት፤ የመንግሥትን አቅድ «ፖሊሲ»፣ ጠባቂውን «ፖሊስ» አሉት። በ1829 የለንደን ፖሊስ ሲቋቋም ቃሉ ደንብ ልብስ ለበሰ፤ ሰፊው ትርጉሙም እየተረሳ ሄደ።

እኛ ዘንድ ከጠላት ወረራ በፊት ከተማውን የሚጠብቀው «የአራዳ ዘበኛ» ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ። እንግዲህ ቃሉን የተቀበልነው እጅግ ከጠበበ በኋላ ነው። «ፖለቲካ»ም ለብቻው መጣ፤ እኅትማማቾቹ አይተዋወቁም።

ኮልፌ ላይ ግን ተገናኙ። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የጦር ትምህርት ሊማሩ ወደዚሁ የፖሊስ ሠፈር መጡ። ካስተማሯቸው መኰንኖች አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ስድስት ወር የታሰበው ትምህርት ሳያልቅ ማንዴላ ተጠርተው ተመለሱ፤ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ያዛቸው። በኮልፌ ያስተማራቸውም ፖሊስ፣ በአገራቸው ያሰራቸውም ፖሊስ! መምህሩም ቢሆኑ ከሜጫና ቱለማ ማኅበር መሪዎች አንዱ ሆነው በ1959 ዓ.ም. ታሰሩ፤ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ደርግ ገደላቸው። ፖሊሱ ወደ ፖለቲካ ሲሻገሩ የጠበቃቸው ይኸው ነበር።

ታዲያ ቃሉ ከተማን ከነዜጋው ይዞ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዘበኛው ብቻ ቀርቶታል። መብራቱ፣ ጽዳቱ፣ ቀለቡ፣ የዜጋው መብት የት ወደቀ? ዘበኛ የሚያስፈልገው የሚጠበቅ ከተማ ሲኖር ነው፤ ከተማ ማለት ደግሞ እኛው ነን።