ስለ ክፍት ሶፍትዌር ታሪክና ለትምህርት ቤት ስላለው ጥቅም

በ2020 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በትግራይ ጦርነት ምክንያት ወደ ምሥራቅ ሱዳን ከተሰደዱት ብዙ ሺህ ሰዎች መካከል፥ በገዳሪፍ ግዛት በመንደር 8 የተጠለሉ ነበሩ። ስደተኛ መምህር ዕውቀቱን እንጂ የፕሮግራም ፈቃድ ቁጥር ይዞ አይወጣም። አሮጌ ኮምፒውተር ቢያገኝ ታዲያ በምን ይጽፍበታል?

የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎች ይህን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በዋጋ ብቻ ይመዝኑታል። የዚያው አገር ታሪክ ግን ሌላ ሚዛን ያሳየናል። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ 2017 ጸንቶ ስለ ነበረ፥ በገዳሪፍ ያለ መምህር ገንዘብ ቢኖረው እንኳ የአሜሪካን ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ ለመግዛት ይቸገር ነበር። በጥር 2010 ደግሞ ሶርስፎርጅ የተባለው የክፍት ፕሮግራሞች ማከማቻ ያንኑ ሕግ ጠቅሶ ለሱዳን በሩን ዘጋ፤ በኋላ ግን ምርጫውን ለየፕሮግራሙ አዘጋጆች ተወው። ስለዚህ «ክፍት የተባለውም ይዘጋል» የሚል ኃላፊ ፈጽሞ አልተሳሳተም። ሆኖም የተዘጋው ማከማቻው እንጂ ፕሮግራሙ እንዳልነበረ እናስተውል። ፈቃዱ ማንም ያገኘውን ቅጂ እንዲያባዛ፥ እንዲያሻሽልና ለሌላው እንዲሰጥ ስለሚል፥ አስቀድሞ የገባው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ይህ መብት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የጂኤንዩን ሥራ አስታወቀ፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን አወጣ፤ በ2000 ኦፕን ኦፊስ ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ2010ም ከእርሱ ሊብረኦፊስ ተወለደ። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከተመዘገበ ወዲህም፥ በእነዚሁ ፕሮግራሞች አማርኛና ትግርኛ መጻፍ ተችሏል።

እንግዲህ፥ መምህራን ሆይ፥ የየትምህርት ቤታችንን ኃላፊ በነቀፋ አናሳምነውም። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመሻገር ወስና፥ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ መወሰኗን እርሱ ያውቃል፤ እኛም አንሸሽገው። ይልቁንስ ባለው ዊንዶውስ ላይ፥ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ፥ ሊብረኦፊስን እንዲጭን እንለምነው። የፈተና ወረቀታችንንና የውጤት መዝገባችንን አብረን እንክፈትበት፤ ፊደሉና ሠንጠረዡ ሳይዛባ መውጣቱን እንመርምር። የጎደለውን ጽፈን እንያዝ፤ እስኪስተካከልም ድረስ የቀድሞው ፕሮግራም በቦታው ይቆይ። የሠመረውን ግን ቀድተን፥ መግዣ ለሌለው ጎረቤት ትምህርት ቤት እናድርስ። በር በተዘጋ ቀን የሚያስተምረው፥ በሩ ሳይዘጋ የተቀበለውን ለወንድሙ ያካፈለ ነውና።