«ነፃ የትምህርት ዕድል» ሲባል፦ የዶክትሬት አገር ምርጫና የውሉ ጠባይ

«ነፃ የትምህርት ዕድል» የሚለው አጠራር በቋንቋችን ሥር ከሰደደ ቆይቷል። ወጪውን ሌላ ወገን የሚሸፍነው ትምህርት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ለሁለተኛ ዲግሪ ስሙ ብዙም አያስቸግርም፤ ተማሪው ይማራል፣ ከፋዩ ይከፍላል፣ በሁለት ዓመት ነገሩ ያልቃል። ዶክትሬት ላይ ሲደርስ ግን እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ግንኙነቶች በአንድ ስም ይታጨቃሉ። በስዊድን የዶክትሬት ተማሪው ደመወዝተኛ ነው። በአሜሪካ ረዳት መምህር ሆኖ የሚያገለግል ተማሪ ነው። በቻይና የመንግሥት ተጧሪ ነው። ከአገሩ ዩኒቨርሲቲ ሳይለቅ እየተመላለሰ የሚማረው ደግሞ የሁለት ተቋማት ሰው ነው።

በየዓመቱ የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው የሚመጡ ወጣት መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የአገሮች ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። የሚያወዳድሩት የዩኒቨርሲቲውን ደረጃ፣ ወርሃዊውን ገንዘብና ዘመድ መኖር አለመኖሩን ነው። ሦስቱም ይመዘናሉ፤ ሆኖም ለአራትና ለስድስት ዓመት የሚታሰሩበትን ውል የሚያነቡት ከተቀበሉት በኋላ ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ የሚል ነው፦ አስቀድሞ መምህሩና የጥናቱ ምንጭ፣ ቀጥሎ ውሉ፣ ከዚያ አገሩ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከውሉ ልነሳ። ስዊድን በ1998 ባደረገችው ማሻሻያ አንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የሚቀበለው ለትምህርቱ ዘመን በሙሉ የገንዘቡ ምንጭ ከተረጋገጠ ብቻ እንዲሆን ደነገገች። ዕድሉ የሚወጣው እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ በማስታወቂያ ነው፤ አመልካቹም የሚወዳደረው ለሥራ ነው። ትምህርቱ የአራት ዓመት ሙሉ ሥራ ሲሆን፣ ከጊዜው እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የማስተማር ግዴታ ሲጨመርበት አምስት ዓመት ይሞላል። ደመወዙ ግብር ይከፈልበታል፣ ጡረታ ይታሰብለታል፣ የሕመም ፈቃድም አለው። በእኔ ዓይን ከሁሉም የሚበልጠው የወሊድ ፈቃዱ ነው፤ በመካከል የወለደች ተመራማሪ በእረፍት ያሳለፈችው ጊዜ በውሏ ላይ ይጨመርላታል። ዕድሜያቸው ሠላሳ አካባቢ ላሉ፣ ከትዳርና ከዶክትሬት አንዱን ምረጡ ለሚባሉ ሴት መምህራን ይህ አንቀጽ ከማንኛውም የደረጃ ሰንጠረዥ ይበልጣል። ዝርዝሩ ይለያይ እንጂ የኖርዌይ፣ የዴንማርክና የኔዘርላንድስ አሠራርም በመሠረቱ ይህንኑ ይመስላል።

የዚህ ውል ዋጋ ርዕሱ ላይ ይከፈላል። ገንዘቡ የሚመጣው አስቀድሞ ከጸደቀ ፕሮጀክት ስለሆነ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የተሰፋ ልብስ ነው፤ አመልካቹ ቁመቱ መስማማቱን ማየት አለበት። የራሱን ጥያቄ ለዓመታት በልቡ ይዞ የኖረ ሰው እዚህ ሊቸገር ይችላል።

የአገር ስም ብቻውን ውሉን እንደማይነግረን ኔዘርላንድስ ጥሩ ማስረጃ ናት። ከ2016 ጀምሮ በተደረገ ሙከራ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ከደመወዝተኞቹ ጎን በተማሪነት የተመዘገቡ፣ በወርሃዊ ድጎማ የሚኖሩ የዶክትሬት ተማሪዎችን በብዛት ተቀበለ። አንድ ኮሪደር ላይ፣ አንዳንዴም አንድ አማካሪ ሥር፣ ተመሳሳይ ጥናት የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ሌላው ተማሪ ሆኑ፤ ባለ ድጎማው የሚያገኘው ገንዘብ አነሰ፣ ጡረታም አልታሰበለትም። እንዲህ ያለ ልዩነት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከተገኘ፣ «ኔዘርላንድስ ጥሩ ናት» የሚል ምክር ብዙም አይረዳም።

ጀርመን መካከል ላይ ቆማለች። አማካሪው በልማድ «የዶክትሬት አባት» ይባላል፤ ዛሬ «የዶክትሬት እናት»ም ይባላል። የኔታን ለሚያውቅ አንባቢ ስሙ እንግዳ አይሆንበትም፣ ግንኙነቱም ያንኑ ይመስላል፤ መምህሩ ደግ ከሆነ ሁሉ ይቀናል፣ ካልሆነ አቤት የሚባልበት ደጃፍ ጥቂት ነው። በዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ የሚሠራው በመንግሥት ደመወዝ እርከን 13 ይመደባል፤ ሆኖም ቅጥሩ ብዙ ጊዜ የሙሉ ሰዓት ሳይሆን የግማሽ ወይም የሁለት ሦስተኛ ነው። በ2007 የወጣው ሕግ ከዶክትሬት በፊት በጊዜያዊ ውል የሚሠራበትን ዘመን በስድስት ዓመት ገድቧል፤ በዚህ ጣሪያ ሥር ውሉ በየጊዜው እየታደሰ ሊሄድ ይችላል። ሌላው በር በ1925 የተመሠረተው የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት፣ በአጭሩ ዳአድ፣ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነው። የዳአድ ተማሪ ደመወዝተኛ አይደለም፤ ርዕሱን ግን ይዞ የሚመጣው ራሱ ነው። ስለ ጀርመን የምትሰጠኝ ምክር ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ ስንት መቶኛ፣ ለስንት ዓመት ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ።

የአሜሪካው መንገድ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ መግባት ይቻላል፤ ሁለት ዓመት ያህል ኮርስ ይወሰዳል፣ የብቃት ፈተና ይታለፋል፣ የራስ ጥናት በሙሉ ጉልበት የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። አምስትና ስድስት ዓመት የተለመደ ነው። ክፍያው ይነሣል፣ ለኑሮ የሚሆን ገንዘብም ይሰጣል፤ በምትኩ ተማሪው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ያስተምራል ወይም በጥናት ያግዛል። ርዝመቱ ብዙዎችን ያስፈራል። እኔ ግን ለአንዳንዶች የሚሻለው ይህ ይመስለኛል። ሁለተኛ ዲግሪውን ያገኘው መሣሪያው በተበላሸ ላቦራቶሪ ወይም የስታቲስቲክስ ኮርስ በሦስት ሳምንት በተጠናቀቀበት ክፍል ከሆነ፣ እንደ ደረሰ «ጥናትህን ጀምር» የሚለው የአውሮፓ ሥርዓት ጉድለቱን ይዞ እንዲቀጥል ያደርገዋል። በአሜሪካ ግን የሚሞላበት ጊዜ አለው።

ቤተሰብን በተመለከተ እዚህ መጠንቀቅ ይገባል። በኤፍ-1 ቪዛ የገባ ተማሪ ባለቤት በአገሩ መሥራት አትችልም፤ ለአራት ነፍስ የአንድ ተማሪ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። በጄ-1 ቪዛ የሚሄዱት፣ ለምሳሌ የፉልብራይት ተማሪዎች፣ ባለቤታቸው የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች፤ ነገር ግን ወጪያቸው በመንግሥት ስለተሸፈነ ቋሚ መኖሪያ ወይም የሥራ ቪዛ ከመጠየቃቸው በፊት ሁለት ዓመት በአገራቸው የመኖር ግዴታ አለባቸው። ለመመለስ ለወሰነ ሰው ይህ ሸክም አይደለም፤ ላልወሰነ ግን ከመፈረሙ በፊት ሊያውቀው ይገባል። በአንጻሩ በስዊድንና በጀርመን አብሮ የሄደ የትዳር ጓደኛ መሥራት ይችላል። ብሪታንያም በጥር 2024 የውጭ ተማሪዎች ቤተሰብ እንዳያመጡ ስትከለክል በምርምር ዲግሪ ያሉትን ከክልከላው ውጭ አድርጋለች።

ብሪታንያን ካነሳሁ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ቼቭኒንግ የአንድ ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ነው፣ የዶክትሬት አይደለም። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕም ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ስላልሆነች አይመለከተንም። የተከፈተው በር የአገሪቱ የምርምር ምክር ቤቶች ከ2021 ጀምሮ ለውጭ ተማሪዎች የፈቀዱት ዕድል ነው፤ ከአዲስ ተቀባዮች ውስጥ የውጭ ተማሪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗልና ፉክክሩ ጠባብ ነው።

የቻይናና የጃፓን የመንግሥት ስኮላርሺፖች ሌላ ዓይነት ናቸው። ቻይና ለዶክትሬት ተማሪ በወር 3,500 ዩዋን ትሰጣለች፣ መኖሪያም ጭምር። የጃፓኑ 145,000 የን ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎች መጀመሪያ «ኬንኪዩሴ» በሚባል የጥናት ተማሪነት ገብተው የመግቢያውን ፈተና እዚያ ይወስዳሉ። በሁለቱም ሰጪው መንግሥት ነው፤ አማካሪው ከኪሱም ከፕሮጀክቱም አይከፍልም። ይህ ነፃነት ይሰጣል፣ ችላ ለመባልም ያጋልጣል። ገንዘቡ የሚቆምበት ቀን የታወቀ ሲሆን፣ በብዙ የቻይና ዩኒቨርሲቲዎች ከመመረቅ በፊት የታተመ ጽሑፍ ይጠየቃል፤ የመጽሔት አርታኢ ደግሞ የስኮላርሺፕን ቀን አይቆጥርም።

ከሁሉም ይልቅ የሚገባውን ክብር ያላገኘው «ሳንድዊች» የሚባለው መንገድ ነው። ስዊድን በ1975 ባቋቋመችው የምርምር ትብብር ድርጅት በሳሬክ፣ በኋላም በልማት ትብብር ድርጅቷ በሲዳ በኩል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ለረጅም ዘመን ደግፋለች። የቤልጅየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ከመቀሌ ጋር ከ2003፣ ከጅማ ጋር ከ2007 ጀምረው ለዓመታት የዘለቀ ትብብር መሥርተዋል። ተማሪው ጥቂት ወራት ሌቨን ወይም ጌንት ይቀመጣል፣ መረጃውን ለመሰብሰብ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ለመተንተንና ለመጻፍ እንደገና ይሄዳል። ደመወዙ አይቋረጥም፣ ቤተሰቡም አይበተንም፣ መሣሪያውም ብዙ ጊዜ አገር ቤት ይቀራል። ችግሩ በእኛ በኩል ነው፤ መምህሩ ለመስክ ሥራ በተመለሰ ቁጥር ትምህርት ክፍሉ ኮርስ ይጭንበታል፣ የወረዳው ናሙና በመደርደሪያ ላይ ያረጃል። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ከመፈረሙ በፊት ከውጭው አማካሪ ጋር ከሚነጋገረው ይልቅ ከራሱ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ጋር የሚነጋገረው ይበልጣል፤ ከማስተማር ነፃ የሚሆንባቸው ወራት በደብዳቤ ይታወቁለት።

ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ መምህር ለትምህርት ሲወጣ የሚፈርመው የአገልግሎት ግዴታም አለ፤ ዋስ ይጠራል። ዋስ የሚሆነው ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ነው። አገር ሲመረጥ ይህ ሰው አይታወስም፤ ትምህርቱ ሲራዘምና ፈቃዱ ሲያልቅ ግን ደብዳቤው የሚደርሰው ለእሱ ነው። የስድስት ዓመት ትምህርት በአራት ዓመት ፈቃድ የጀመረ ሰው ዋሱን ለጭንቀት ይዳርጋል።

አሁን ወደ መምህሩና ወደ ምንጩ ልመለስ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርታችን ይህን ጉዳይ ከጥንት ፈትቶታል። ቅኔ የሻተ ወደ ዋድላ፣ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ ድጓ የሻተ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሻተ ወደ ዙር አባ ይሄድ ነበር። ደቀ መዝሙሩ አኩፋዳውን አንግቶ የሚያድርበትን መንደር የሚመርጠው ቁራሹ የት ይበዛል ብሎ አልነበረም፤ ትምህርቱ ያለበት ስፍራ አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ቁራሹ በደረሰበት ይፈለጋል።

ዘመናዊው ምሁራዊ ታሪካችንም ይህንኑ ያሳያል። ጌታቸው ኃይሌ በ1962 ዶክትሬቱን ከቱቢንገን ያገኘው ጀርመን የሴማዊ ቋንቋዎች ጥናት ጽኑ መሠረት ስለነበራት ነው። ታደሰ ታምራት በ1968፣ ባሕሩ ዘውዴ በ1976 ዶክትሬታቸውን የሠሩት ለንደን፣ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ከመቅደላ በ1868 የተዘረፉት ብራናዎችና የብሪታንያ መንግሥት መዛግብት ያሉትም እዚያው ከተማ ነው። ዛሬ በግዕዝ ጽሑፍ ላይ የሚያጠና ሰው በ2002 የተቋቋመውን የሐምቡርጉን የሂዮብ ሉዶልፍ ማዕከል ሳያይ አገር ከመረጠ ተሳስቷል። አፈርና ውኃ የሚያጠናው ደግሞ የስዊዘርላንዱን የበርን ዩኒቨርሲቲ ይመልከት፦ ከ1981 ጀምሮ በማይባር፣ በአንዲት ጥድ፣ በአንጀኒና በሌሎች ጣቢያዎች የተለካው የጎርፍና የደለል መጠን የተሰበሰበው ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተያያዘ ፕሮጀክት ነው። ለብዙዎች ስዊዘርላንድ በዝርዝሩ ውስጥ እንኳ የለችም።

እንበል፣ ከጎጃም የመጣ፣ ባለትዳርና የአንዲት ሕፃን አባት የሆነ፣ የአፈር መሸርሸር የሚያጠና መምህር ሦስት ዕድል አገኘ፦ የአምስት ዓመት የአሜሪካ፣ የአራት ዓመት የቻይና፣ የአራት ዓመት ሳንድዊች ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር። ሞዴል መሥራት ከአሁኑ የሚችል ከሆነ ሦስተኛውን እንዲይዝ እመክረዋለሁ፤ መረጃው ያለው ከቤቱ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ነው። የሒሳብና የኮምፒውተር መሠረቱ ከሳሳ ግን አሜሪካን እመርጥለታለሁ፣ ባለቤቱ መሥራት የምትችልበት ቪዛ ከተገኘ።

ደብዳቤ ፈልገው ለሚመጡት አሁን አስቀድሜ የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለ፦ በዚያ አማካሪ ሥር በቅርቡ ከጨረሱት ሁለት ሰዎች፣ ካቋረጡት ደግሞ አንድ ሰው አነጋግረሃል? በስንት ዓመት ጨረሱ? ገንዘቡ ሲያልቅ በምን ኖሩ? ያቋረጠው ለምን አቋረጠ? አብዛኞቹ አላነጋገሩም። አድራሻ ፈልገው፣ ጽፈው፣ መልስ አግኝተው እስኪመጡ ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ ማመልከቻው ከመዘጋቱ ከሦስት ወር በፊት እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ።