ያልተቆጠሩ ዓመታት፤ የአል-ማንሺያ ሐበሾችና የኬላው ጥያቄ

ከጎጃም የወረደው ዓባይ የካርቱም መሐል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በስተግራው አል-ማንሺያን ያገኛል። ሰፈሩ የባለጸጎችና የባለሥልጣናት ነው፤ የሱዳናዊው ፖለቲከኛ የሐሰን አል-ቱራቢ ቤትም እዚያ ነበር። በእነዚያ ግቢዎች ውስጥ ምግብ ሲያበስሉ፣ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ፣ በር ሲጠብቁ ከኖሩት መካከል ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ እዚያው ያድሩ ነበር፤ ሌሎቹ ወደ ጂሬፍ ወይም የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደነበሩበት ወደ ዴም ሰፈር ይመለሱ ነበር። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ነበሩባቸው። ሆኖም ኬላ ላይ የሚያስቆማቸው ፖሊስ ስለ ሠላሳው ዓመት አይጠይቅም ነበር። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የሚያበቃበትን ቀን።

ኢትዮጵያንና ሱዳንን የሚለየው ድንበር ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ተዋግተው ሲወድቁ በካርታ ላይ የተሰመረ ወሰን አልነበረም። መስመሩ የመጣው ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ነው፤ ከዚያ ወዲህ መተማ ዮሐንስና ገላባት ጎን ለጎን ተቀምጠው የሁለት መንግሥት ከተሞች ሆኑ። በጠላት ወረራ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱም ሳይቀሩ የካርቱም እንግዳ ነበሩ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ካርቱም ደርሰው ጥቂት ወራት ከቆዩ በኋላ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ያኔ እንግድነት በወረቀት አይለካም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ለንጉሥና ለተራ ሰው ኬላው አንድ ሆኖ አያውቅም።

ሱዳን ነዋሪነትን የምትለካበት መንገድ ለብቻው ሊጤን ይገባል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጡት ድንጋጌ ሱዳናዊ ማለት እርሱ ራሱ ወይም በአባቱ በኩል ያሉት ቀደምቶቹ ከዲሴምበር 31፣ 1897 ጀምሮ በሱዳን የኖሩ ሰው ነው። ቀኑ እንግሊዝና ግብፅ አገሪቱን መልሰው በያዙበት ዋዜማ ላይ የሚውል ነው። ነጻነት ከተገኘ በኋላ የወጣው የ1957 የዜግነት ሕግ ይህንኑ ቀን ወረሰ። በኋላ መነሻው ወደ 1924፣ በ1994ቱ ሕግ ደግሞ ወደ ነጻነቱ ዓመት ወደ 1956 ተገፋ። ዜግነት ከሚፈልግ ባዕድ የሚጠየቀው የመኖሪያ ዘመንም ከ10 ዓመት ወደ 5 ዝቅ አለ። በወረቀት ሲታይ ለጋስ ሕግ ነው። ታዲያ አል-ማንሺያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራች ሴት እንዴት ዜጋ አልሆነችም?

መልሱ ያለው በሌላ ሕግ ውስጥ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 የጥገኝነት ሕግ ስታወጣ ስደተኛ ከተመደበበት ቦታ እንዳይወጣ ደነገገች፤ የወጣ እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችል ነበር። በዚያው ዓመት የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበልም ስለ መዘዋወር ነጻነት የሚናገረውን 26ኛ አንቀጽ ለይታ አስቀረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቀይ ሽብር ስደተኞች መጡ፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የትግራይና የወሎ ገበሬዎች ወደ ኡም ራኩባና ሌሎች የምሥራቅ ሱዳን ካምፖች ጎረፉ። ሥራ ያለው ግን ካርቱም ነበር። ከካምፑ ተነሥቶ አል-ማንሺያ የገባ ሰው ያሳለፋት እያንዳንዷ ዓመት በሕጉ ዓይን ጥፋት ነበረች። ሌላው አገር ለነዋሪነት መብት የሚቆጥረውን ዘመን ካርቱም በክስ መዝገብ ላይ ቆጠረችው። እኔ ከዚህ የከፋ የጊዜ አቆጣጠር አላውቅም።

አንዳንዱ ቀናው። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ ሌሎች በመልሶ ማስፈር ካናዳና አሜሪካ ገቡ። የቀሩት በ1992 ዓ.ም. ሌላ ዱላ ወረደባቸው። ደርግ ከወደቀ የስደቱ ምክንያት አብቅቷል ተብሎ፣ ከ1983 ዓ.ም. በፊት የተሰደዱት ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት ከለላ ከየካቲት 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ውሳኔ አበቃ። የተለየ ምክንያት ያለው እንዲያመለክት ዕድል ተሰጠ። ለብዙው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ወይ መመለስ ወይ በየዓመቱ እየከፈሉ ኢቃማ ማሳደስ ነበር፤ ሁለቱም ያልሆነለት በየጊዜው ከሚመጣው «ካሻ» ከሚሉት አፈሳ እየተደበቀ ይኖር ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ ሱዳንና ግብፅ የመዘዋወር፣ የመኖር፣ የመሥራትና ንብረት የማፍራት «አራት ነጻነቶች» ስምምነት ሲፈራረሙ የዓባይን ውሃ ለምታፈልቀው አገር ልጆች እንዲህ ያለ ውል አልነበረም።

ወደ ምዕራብ አገር የዘለቁትም ከኬላው ጥያቄ አላመለጡም። ካናዳ ከቋሚ ነዋሪዋ በ5 ዓመት ውስጥ 730 ቀን አገር ውስጥ መኖርን ትጠይቃለች። አሜሪካ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከ180 ቀን በላይ ከአገር ውጭ ከቆየ እንደ አዲስ ገቢ ልትመረምረው ትችላለች፤ ከዓመት በላይ ሊቆይ ካሰበ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት አለበት። የታመመች እናቱን ሊያስታምም አዲስ አበባ የቆየ ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነዋሪነቴን ትቻለሁ የሚል ወረቀት ሊቀርብለት ይችላል። የመፈረም ግዴታ የለበትም፤ ጉዳዩ በዳኛ እንዲታይለት መጠየቅ መብቱ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እዚያ ቀኑ ይቆጠራል፣ በተቆጠረው ላይም መከራከር ይቻላል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ የቤት ሠራተኞች ቀጣሪዎቻቸው የሸሹባቸውን ግቢዎች ትተው ወደ መተማ ተጓዙ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የካርቱም ፖሊስ የውጭ ዜጎች በ15 ቀን ውስጥ ከክፍለ ግዛቱ እንዲወጡ አዘዘ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ ያዘ። ተመላሾቹን መተማ ላይ የሚጠብቃቸው ደግሞ የራሳችን ጥያቄ ነው፤ ኢትዮጵያዊ መሆንሽን በምን እናውቃለን? ሕጉ ግልጽ ነው። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ይወለድ የት ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የሚጎድለው ማስረጃ ነው። ካርቱም የተወለደው ልጅ የቀበሌ መታወቂያ አይቶ አያውቅም፤ የእናቱም ፓስፖርት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ወይ በአሠሪዋ ቤት ቀርቷል።

ከካርቱም የተመለሰ ዘመድ ያላችሁ፣ የድሮ ኢቃማውን፣ የስደተኛ ካርዱን፣ የልጆቹን የልደት ወረቀትና የክትባት ካርድ እንዳይጥል ንገሩት። የቀበሌ ሹማምንትም የእናትን ስምና የትውልድ ቀበሌ የሚያውቅ ሽማግሌ ምስክርነት ሲሰጥ ተቀብላችሁ መዝግቡት። ልጁ ትምህርት ቤት የሚገባው ያ መዝገብ ሲኖር ነው።