በሐምሌ የሚጀመር ውድድር፦ ሁለተኛው የሊግ እርከን፣ የበጀት ዓመቱና የአርሲ ከተሞች

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ሁለተኛ እርከን የሆነው ከፍተኛ ሊግ በስፖርት ዘገባዎች ውስጥ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በውድድር ዘመኑ ማብቂያ ላይ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደጉትን ክለቦች ስም ለማስታወቅ ያህል ሲሆን፣ ክለቦቹ በዚያ እርከን ያሳለፉት ዓመት ምን ይመስል እንደነበረ፣ ማን እንደከፈለበትና ካደጉ በኋላስ ለምን አንዱ ሲጸና ሌላው በዓመቱ ተመልሶ እንደሚወርድ የሚመረምር ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። በዚህ መጣጥፍ የሚቀርበው ክርክር፣ የአንድ ክለብ የሁለተኛ እርከን ዘመን የሚወሰነው ጨዋታዎቹ በሚጠናቀቁበት በግንቦትና በሰኔ ሳይሆን፣ ክለቡን የያዘው የከተማ አስተዳደር ወይም መንግሥታዊ ተቋም ዓመታዊ በጀቱን በሚያጸድቅበት በሐምሌ ነው የሚል ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለንጽጽር ያህል የእንግሊዝን ሁለተኛ እርከን ማየት ይጠቅማል። ቻምፒዮንሺፕ በሚባለው በዚህ ሊግ 24 ክለቦች እያንዳንዳቸው በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጭ 46 ጨዋታዎችን ያደርጋሉ፤ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በቀጥታ ሲያድጉ ተከትለዋቸው ከሚጨርሱት የተወሰኑት ለቀሪዋ አንድ ቦታ በጥሎ ማለፍ ይፋለማሉ፤ ከፕሪሚየር ሊጉ የወረደ ክለብ ደግሞ ገቢው በአንድ ጊዜ እንዳይደርቅበት ቢበዛ ለሦስት ዓመት የሚዘልቅ የማቋቋሚያ ክፍያ ይሰጠዋል። በኢትዮጵያ ግን በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የሚመራው ከፍተኛ ሊግ በምድብ የተከፋፈለ ሲሆን፣ የማደግ ዕድል ያለው የየምድቡ አሸናፊ ነው። ምድቦቹ በ2015 ሦስት ነበሩ፤ በ2016 ወደ ሁለት ሲቀነሱ የሚያድጉት ክለቦችም ሁለት ብቻ ሆኑ። ሁለተኛ ወጥቶ በጥሎ ማለፍ የሚያድግበት መንገድ ስለሌለ በምድቡ ውስጥ የሚጣል እያንዳንዱ ነጥብ ዋጋው ከባድ ነው፤ ለወረደ ክለብም የሚደርስ የማቋቋሚያ ክፍያ የለም።

በኢትዮጵያ የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚዘልቅ መሆኑ ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። አብዛኛዎቹ የሁለቱ እርከኖች ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች ወይም በመንግሥት ተቋማት በመሆኑ፣ የተጫዋቾች ውል በአብዛኛው በሰኔ 30 ያበቃል፤ አሰልጣኙ የሚቀጠረውም፣ ዝውውሩ የሚጧጧፈውም በጀቱ መጽደቁ ከታወቀ በኋላ ነው። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ለምክር ቤቱ ያቀረበው ጥያቄ በከፊል ብቻ ከጸደቀ የሚያስፈርመው ሌሎች የተዉትን ተጫዋች ነው፤ በጀቱ ጸድቆ ገንዘቡ በወቅቱ ካልተለቀቀ ደግሞ ደመወዝ እየተጓተተ ሄዶ በጥርና በየካቲት ላይ ተጫዋቾች ልምምድ ያቋረጡበት ወይም ለፌዴሬሽኑ አቤት ያሉበት ዜና ይሰማል። የዚህ ዓይነቱ አቤቱታ በአገሪቱ እግር ኳስ ውስጥ እየተደጋገመ የመጣ ከመሆኑ የተነሳ ዜናነቱን ሊያጣ ምንም አልቀረውም።

ክርክሩን ለመፈተን ከሁሉም የሚመቸው የ2016 የውድድር ዘመን ነው። በ2015 መጨረሻ ከሦስቱ ምድቦች ያደጉት ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾ ዱራሜ ነበሩ። ሦስቱም ከአንድ እርከን፣ በአንድ ዓመት፣ በተመሳሳይ ሕግ የመጡ ቢሆኑም የአንድ ዓመት ቆይታቸው ፍጻሜ ከሰማይና ከምድር የራቀ ሆነ፤ ንግድ ባንክ የሠራዊቱን ክለብ መቻልን በጠባብ የነጥብ ልዩነት በልጦ በመጨረሻው ሳምንት ዋንጫውን ሲያነሳ፣ ሻሸመኔና ሀምበሪቾ ወደመጡበት ከፍተኛ ሊግ ተመለሱ። በዚያው ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2023/24፣ በእንግሊዝ ከቻምፒዮንሺፕ ያደጉት ሉተን፣ በርንሊና ሼፊልድ ዩናይትድ ሦስቱም ወርደዋል፤ በቀጣዩም ዓመት ሌስተር፣ ኢፕስዊችና ሳውዝሃምፕተን ያንኑ ዕጣ ቀምሰዋል። በእንግሊዝ አዲስ መጪውን የሚጥለው ነባሮቹ ክለቦች ከቴሌቪዥን መብት ዓመት ከዓመት ያካበቱት ሀብት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ነባርነት ራሱ ያን ያህል ሀብት አላከማቸም፤ ስለዚህም ጀርባው በባንክ የተደገፈ አዲስ መጪ ከነባሮቹ ጋር በአንድ ሐምሌ ሊስተካከል፣ እንዲያውም ሊበልጣቸው ይችላል።

ንግድ ባንክ ራሱ የበጀት ውሳኔ ምን ያህል አድራጊ ፈጣሪ እንደሆነ በሌላም በኩል ያሳያል። ክለቡ በ2009 ከጅማ አባ ቡናና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ የወንዶች ቡድኑ እንዲፈርስ ተደርጎ የሴቶቹ ቡድን ብቻ ቀጥሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ እንደገና የተቋቋመው የወንዶች ቡድን አድጎ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ፣ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ የኡጋንዳውን ኤስሲ ቪላን አሰናብቶ በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ በድምር ውጤት 7 ለ 0 ተሸነፈ። አንድ የሥራ አመራር ውሳኔ ያፈረሰውን ሌላ የሥራ አመራር ውሳኔ ያቆመው መሆኑ፣ ስለ ቡድኑ የሜዳ ብቃት ምንም ያህል ቢወራ መዘንጋት የሌለበት ጉዳይ ነው።

ወደኋላ ቢኬድም ተመሳሳይ አዝማሚያ ይታያል። በ2013 ካደጉት መከላከያ (የአሁኑ መቻል)፣ አርባ ምንጭ ከተማና አዲስ አበባ ከተማ መካከል አዲስ አበባ በ2014፣ አርባ ምንጭ በ2015 ሲወርዱ የመከላከያ ሠራዊቱ ክለብ ጸንቶ በ2016 ሁለተኛ ወጣ። በ2014 ካደጉት ሦስቱ ደግሞ ለገጣፎ ለገዳዲና ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በዓመታቸው ሲመለሱ ኢትዮጵያ መድን ቀርቶ በ2017 በአሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ መሪነት የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከእነዚህ ሦስት ተከታታይ ዓመታት አዳጊዎች ውስጥ ሥር የሰደዱት አንድ ባንክ፣ አንድ የመድን ድርጅትና አንድ የሠራዊት ክለብ መሆናቸውን በአጋጣሚ ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል።

ሆኖም ነገሩን «ተቋም ያሸንፋል፣ ከተማ ይወድቃል» በሚል ቀላል ሕግ መቋጨት የሚያዋጣ አይደለም። ሕጉን ከሁለት ወገን የሚያፈርሱ ሁለት ክለቦች አሉ። የመጀመሪያው ጅማ አባ ጅፋር ነው። ይህ የከተማ ክለብ በ2009 ከመቀሌ ከተማና ከወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ጋር አድጎ፣ በ2010 በመጀመሪያ ዓመቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ክፍያ በመብለጥ ሻምፒዮን ሆነ፤ ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢም በ23 ግቦች የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ። በእንግሊዝ ታሪክ ለዚህ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1977 ከሁለተኛው ዲቪዚዮን በሦስተኛነት አድጎ በ1978 የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነው የብራያን ክለፍ ኖቲንግሃም ፎረስት ነው። ልዩነቱ ከዋንጫው በኋላ የመጣው ነው፤ ፎረስት በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የአውሮፓን ዋንጫ በተከታታይ ሲያነሳ፣ የጅማው ክለብ አሰልጣኙን ገብረመድኅን ኃይሌን ለመቀሌ 70 እንደርታ (ለቀድሞው መቀሌ ከተማ) አሳልፎ ሰጠ፤ አሰልጣኙም በ2011 በዚያ ሌላ ዋንጫ ወሰደ። አባ ጅፋር በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የግብጹን አል አህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 ማሸነፉ በመጀመሪያው ጨዋታ ከደረሰበት የ2 ለ 0 ሽንፈት ሊያድነው ባይችልም የቡድኑን አቅም የመሰከረ ነበር። ያም ሆኖ ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014፣ ከአዲስ አበባና ከሰበታ ከተማ ጋር ወረደ። ከተማ አንድ ታላቅ ሐምሌ ሊኖረው እንደሚችል፣ አራት ተከታታይ ታላላቅ ሐምሌዎች ግን እንደሚያንሱት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ሁለተኛው ክለብ፣ በቀድሞ ስሙ መብራት ኃይል የሚባለው ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ፣ የተቋም ገንዘብ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ያስረዳል። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 በአዲስ መልክ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው ይህ ክለብ ነው፤ በ1993 ሲደግመውም አጥቂው ዮርዳኖስ ዓባይ በአንድ የውድድር ዘመን 24 ግቦችን አግብቶ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን ጌታነህ ከበደ በ2009 በ25 ግቦች እስኪሰብረው ድረስ 16 ዓመት ቆየ። ይኸው ክለብ በ2010 ከአርባ ምንጭና ከወልዲያ ጋር ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ የሁለተኛ እርከን ታሪክ ነው፤ በ2014 አደገ፣ በ2015 ወረደ፣ በ2016 እንደገና አደገ። በሁለቱም ጊዜ ሲወርድ አርባ ምንጭ አብሮት ወርዷል፤ በ2016ም አብሮት አድጓል። አንዱ የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያስተዳድር ግዙፍ ተቋም፣ ሌላው የአንድ ደቡባዊ ከተማ አስተዳደር ሆነው ሳለ በአንድ ደረጃ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ መታየታቸው፣ የገንዘቡ ምንጭ ከሚወስነው ይልቅ ገንዘቡ ለስንት ዓመት ዕቅድ ተይዞ እንደሚለቀቅ የሚወስነው ይበልጣል ወደሚል መደምደሚያ ይመራል። በዓመት አንዴ የሚታደስ ቡድን፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ዓመት በዓመት ከዜሮ ይጀምራል።

የክለብ ባለቤትነት ራሱ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት መልኩን እንደቀየረም ማስታወስ ያስፈልጋል። በአንድ ወቅት በሊጉ ሙገር ሲሚንቶ፣ መተሐራ ስኳር፣ ሜታ አቦ ቢራ፣ ሐረር ቢራ፣ ጉና ንግድና ትራንስ ኢትዮጵያ ይጫወቱ ነበር፤ ዛሬ ቦታቸውን በአብዛኛው የያዙት የከተማ ክለቦች ናቸው። የፋብሪካ ክለብ ተጫዋች በተለምዶ የድርጅቱ ሠራተኛም ስለነበር ኳስ ካቆመ በኋላ የሚቀመጥበት ወንበር ነበረው። ወጪው ሲንር ነሐሴ 2011 ላይ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተደንግጎ ነበር፤ ጣሪያው በልዩ ልዩ ስውር ክፍያዎች እንደሚታለፍ በእግር ኳሱ አካባቢ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ስለነበር ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር በ2017 ሌላ የክፍያ አስተዳደር መመሪያ ማውጣት ግድ ሆኖበታል።

በዚህ ላይ ከ2013 ጀምሮ ከዲኤስቲቪ ጋር በተደረገውና አጠቃላይ ዋጋው 68 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሆነ በተነገረለት የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ምክንያት የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መካሄድ ጀመሩ። ክለቦች በሙሉ ወደ አንድ ከተማ ገብተው፣ ሆቴል ተከራይተው፣ በርካታ ሳምንታት ተጫውተው ወደ ሌላ ከተማ የሚሸጋገሩበት ይህ አሠራር በከፍተኛ ሊጉም ተለምዷል። ለቴሌቪዥን ቀረጻና ለዳኝነት አመቺ መሆኑ አያከራክርም። ለሁለተኛ እርከን ክለብ ግን ጉዳቱ ድርብ ነው፤ የቴሌቪዥን ገቢው አይደርሰውም፣ በራሱ ሜዳ ከሚሸጠው ትኬት ሊያገኝ ይችል የነበረውም ይቀርበታል። ግብር ከፋዩ የከተማው ሕዝብ ገንዘቡ የሚወጣበትን ቡድን ዓመቱን ሙሉ ላያየው ይችላል፤ ምክር ቤቱም በሐምሌ ሲሰበሰብ ስለ ቡድኑ የሚጠይቀው ደጋፊ ቁጥሩ አነስተኛ ነው።

ይህ ሁሉ ለአርሲ ምን ማለት እንደሆነ በቅርብ ዓመታት ግልጽ ሆኗል። ከላይ የተጠቀሰው ሻሸመኔ ከተማ የምዕራብ አርሲ ዞን ዋና ከተማ ክለብ ሲሆን፣ ከዚያው ዞን ነጌሌ አርሲ ከሸገር ከተማ ጋር አድጎ በ2018 ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሏል። የምሥራቁ ክፍል፣ ማለትም አሰላ፣ ሲሬ፣ ዴራ፣ ሁሩታና በቆጂ ያሉበት የአርሲ ዞን፣ በዚያ ዓመት በሊጉ የሚጫወት ክለብ አልነበረውም። ኃይሌ ገብረሥላሴን፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራ፣ በጥሩነሽ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከልም በአሰላ ያለው አካባቢ በእግር ኳስ ወደኋላ መቅረቱ የተሰጥኦ ማነስ ሊሆን አይችልም። ሩጫና እግር ኳስ የሚጠይቁት መዋዕለ ንዋይ ዓይነቱ የተለያየ ነው። በበቆጂ ሜዳ በአንድ ትጉህ አሰልጣኝ እጅ የተገራ ልጅ ብቻውን ለአገር አቀፍ ውድድር ሊቀርብ ይችላል፤ ከሲሬ የሚነሳ ተከላካይ ግን የወረዳ፣ የዞንና የክልል ውድድሮችን አልፎ በከፍተኛ ሊግ ወይም ከእሱ በታች ባለው አንደኛ ሊግ የሚመዘገብ ክለብ በአቅራቢያው ካላገኘ፣ ወይ ወደ አዳማ ወይ ወደ ሻሸመኔ መሰደድ አለበት። ለአሰላ ዓይነት ከተማ የሚበጀውም በአንድ ሐምሌ በውድ ተጫዋቾች የሚገዛ የማደግ ዕድል ሳይሆን፣ ከየወረዳው የሚመለመሉ ታዳጊዎችን ለዓመታት ይዞ የሚያሳድግ ቡድን ነው።

ስለዚህ ፌዴሬሽኑ የከፍተኛ ሊግ ክለቦችን የተሳትፎ ፈቃድ በሚያድስበት ጊዜ ከስታዲየምና ከጽሕፈት ቤት መሥፈርቶች በተጨማሪ ባለቤቱ አካል ቢያንስ ለሦስት የበጀት ዓመታት የገባውን የገንዘብ ግዴታ በሰነድ እንዲያቀርብ ሊጠይቅ ይገባል፤ የምድብ ጨዋታዎች ቢያንስ በከፊል ወደየክለቦቹ ከተሞች እንዲመለሱ፣ ከፕሪሚየር ሊጉ የቴሌቪዥን ገቢም ለወረዱ ክለቦች መጠነኛ ድርሻ እንዲመደብ ማድረግ የአክሲዮን ማኅበሩና የፌዴሬሽኑ የጋራ ኃላፊነት ነው።