የጣሪያውን ሣር ማን ይነቅላል?

የባህል ማዕከል ሲባል ለሁላችንም የሚታየን አንድ ነገር ነው፤ አዳራሽ፣ የመስታወት ሣጥን፣ በር ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው። ለኔዋር መንደር ማዕከል ይነደፍ ቢባል ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ የጣሪያውን ሣር ማን ይነቅላል?

ቀልድ አይደለም። ኔዋሮች የኔፓሉ ካትማንዱ ሸለቆ ነባር ሕዝብ ናቸው። ካትማንዱን፣ ፓታንንና ባክታፑርን፣ እንደ ኮካናና ቡንጋማቲ ያሉትን መንደሮችም የገነቡት እነሱ ናቸው። በድሮው አሠራር ጣሪያው ላይ ትናንሽ ሸክላዎች በጭቃ ይደረደራሉ። ጭቃው ደግሞ ሣር ያበቅላል። ሣሩ በየጊዜው ካልተነቀለ ሥሩ ሸክላውን ያነሣዋል፣ ውኃ ይገባል፣ ያ ሁሉ የተቀረጸ እንጨት መበስበስ ይጀምራል።

ይህን ሥራ ለዘመናት የያዘው ጉቲ የሚባለው ማኅበር ነው። አንዱ ጉቲ ቀብር ያስፈጽማል (እድር ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያሻም)፣ ሌላው በዓል ያወጣል፣ ሌላው ፋልቻ ይጠብቃል። ፋልቻ መንገድ ዳር ወይም ውኃ መቅጃ አጠገብ የሚሠራ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ባለ ጣሪያ መደብ ነው፤ መንገደኛ ያርፍበታል፣ ሽማግሌዎች ያወጉበታል፣ ማታ መዝሙር ይዘመርበታል። ማዕከሉ እኮ ድሮም ነበር! ወጪውን የሚችለው ለጉቲው የተሰጠ መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሕግ ግን ብዙውን የጉቲ መሬት ለመንግሥት ኮርፖሬሽን አስረከበ፤ ብዙ ጉቲዎችም አቅም አጡ።

ኤፕሪል 25 ቀን 2015 መጠኑ 7.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው ሲገድል፣ ለካትማንዱ ስሟን የሰጠው ትልቁ የእንጨት ማረፊያ ካስታማንዳፕ ደም ለመለገስ በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ወደቀ። በኋላ አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ መሠረቱ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ጤነኛ። ችግሩ ሌላ ነበር። ከአራቱ ዋና ምሰሶዎች የአንዱ ከመሠረቱ ጋር የነበረው ትስስር በቅርብ ዘመን ጥገና ተቋርጧል። ጥንቱን የገነቡት አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው ጠጋኙ ነው።

መልሶ ግንባታው ለጨረታ ሊወጣ ሲል ነዋሪው እምቢ አለ። በሕዝብ ኮሚቴ ተይዞ በባህላዊው ጥበብ በ2022 ተጠናቀቀ። በ2019 መንግሥት ጉቲዎችን ጠቅልሎ የሚይዝ ረቂቅ ሕግ ሲያመጣም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አደባባይ ወጡ፤ ረቂቁ ተነሣ።

እንግዲህ እኛ ብንነድፍ ምድር ቤቱን ፊቱን ለአደባባዩ የከፈተ ፋልቻ እናደርገዋለን። ለጉቲ ድግስ የሚበቃ ሰፊ ማብሰያ፣ ለከበሮና ለጭምብል ማስቀመጫ ክፍል ይኑረው። አደባባዩ ላይ ምንም አይተከል፤ በአዝመራ ጊዜ ሩዝ ይሰጣበታል። በ1997 የተከፈተውን የፓታን ሙዚየም እናደንቃለን፤ ግን እሱ የነገሥታት ግቢ ነበር፣ መንደር ሌላ ነው። በመንገዱ በኩል ጥቂት ሱቆች ይሠሩ፣ ኪራያቸው የጠፋውን መሬት ይተካ።

የኪራዩ ደብተር በማን እጅ ይሁን በሚለው ላይ ግን እኛው አልተስማማንም። ግማሾቻችን ጉቲው ይያዝ እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ የጉቲ አባልነት በልማድ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑን እያነሣን፣ ድግሱን የሚያበስሉት ሴቶች ደብተሩን ካላዩት አይሆንም ብለን ይኸው እየተከራከርን ነው።